ዋንዛ በር ኔትወርክ የገባ ቀን

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የዶሮ ማነቂያ ጎረቤቶቼን የሚያስጨንቃቸው ነገር አንድ ነበር። «ዘይነብ፣ አንቺ ቤት ከዋልሽማ ዋይፋያችንን ማን ያይልናል?» ይሉኛል። የስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በመሆኔ ብቻ የሰፈሩ ኔትወርክ በእኔ እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ሲቋረጥ በሬን ያንኳኳሉ፣ ሲመለስ ይመርቁኛል። በሁለቱም የለሁበትም።

ጡረታዬ ሲደርስ ግን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ፈረሰ። ጎረቤቶቼ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ የከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ እህቴ ቤት አንዲት ክፍል ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት እግሬ በልማዱ ወደ ፒያሳ ይወስደኛል። ከደረስኩ በኋላ የምገባበት ይጠፋኛል። ካልፈረሱት ኬክ ቤቶች አንዱ ውስጥ ቁጭ እልና ማኪያቶዬን ይዤ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ። ይህንንም የጻፍኩት እዚያው ተቀምጬ ነው።

አባቴ በልጅነቱ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ አንድ ደረጃ ሥር፣ በአንዲት የስፌት መኪና ነው ያሳደገን። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ስልክ መሥሪያ ቤት ስቀጠር እናቴ የመሰላት ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ሃሎ» የምል ነበር። በመጀመሪያው የሥራ ቀን እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ስገባ ደንግጣ ተነሳች።

«የት ወድቀሽ ነው?»

«አልወደቅኩም እማዬ። ሥራዬ ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ወንዶቹ የት ሄደው?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ስለ ደመወዙም ባላነሳ ይሻላል፤ ያበላል፣ አያጠግብም።

የተመደብኩት ከጋሽ ወርቅነህ ጋር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርታቸውን በበጋ እንኳ የማያወልቁ ጥንቅቅ ያሉ የአራዳ ሰው ነበሩ። ማኪያቷቸውን የሚጠጡት ባንኮኒው ላይ ቆመው ነው። «ምነው ጋሼ፣ አይቀመጡም?» ስላቸው፣ «ከተቀመጥኩማ ማን መልሶ ጉድጓድ ያወርደኛል?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ የፒያሳ ስልክ የሚሄደው መሬት ውስጥ በተቀበረ ወፍራም ኬብል ነው። ኬብሉ ሲላጥ ውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ታጭቀዋል። የወረቀት ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ ጋሽ ወርቅነህ ኬብል ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ላይ ዘርግተው ይቆማሉ። መንገደኛው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስለዋል። «ዛሬ ከጣቴ የወጣች ላብ የዛሬ ዓመት የሰው ስልክ ታፍናለች» ይሉኝ ነበር። ሽቦዎቹን ቀጥለው ሲጨርሱ የጋለ ሰም ያፈሱበታል። ሰሙ ዝም ብሎ ከወረደ መልካም። ከተንጫጫ ግን የቀረ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ እንደገና ያፈሳሉ። አንገታቸውን አዘንብለው የሰም ድምፅ ሲያዳምጡ እያየሁ ነው ሥራውን የተማርኩት። ሽቦም አጥብቀው አይቆርጡም። ከሚያስፈልገው ትንሽ አስረዝመው፣ ጠቅልለው ይተዉታል። «ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ። መያዣ እንተውለት።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። የትኛው ሽቦ የማን ቤት እንደሚሄድ ለማወቅ መሞከሪያ ስልክ ሽቦው ላይ ይሰካል። ያን ጊዜ ሰው እያወራ ከሆነ ሳትወጂ ትሰሚያለሽ። ገና አዲስ ሳለሁ አንድ ጠዋት ስሰካ የአንዲት ኬክ ቤት ባለቤት ወንድም ከሐኪም ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ሐኪሙ የሴትዮዋ በሽታ የማይድን መሆኑን፣ ለእሷ ባይነገር እንደሚሻል ይነግረዋል። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። በልጅነቴ ስታልፍ ስታገድም ብስኩት ትሰጠኝ ነበር። ፊቴን ጋሽ ወርቅነህ አዩት።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው አልሰማሽም። የሰማሽውን እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ትተሽ ውጪ። የሰው ሚስጥር የሰው ነው፤ እኛ ሽቦው ብቻ ነን።»

ተውኩት። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ ከእጇ ብስኩት እየገዛሁ ስቄ ወጣሁ። ያ ሳቅ ምን ያህል እንደከበደኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። መዳቡ ከመሬት እየተነቀለ ፋይበር ገባ። ጋሽ ወርቅነህ መዳቡ ሲያልቅ ጡረታ ወጡ። እኔ ደግሞ ወደ ሬዲዮ ክፍል ተዛወርኩ። ሥራችን ሽቦ ለማይደርስባቸው የገጠር ቀበሌዎች በአየር ኢንተርኔት ማስገባት ሆነ። ከጉድጓድ ወጥቼ ተራራ ላይ ወጣሁ። የሠራሁላቸው አለቆች ብዙ ናቸው፤ ጥሩም ነበሩ፣ ጥሩ ያልሆኑም ነበሩ። ሁሉም ግን ካርታ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው «እዚህ ይድረስ» ይላሉ። ካርታ ጠፍጣፋ ነው። መሬቱ አይደለም።

ሬዲዮ ዓይን ለዓይን ይፈልጋል። ሞገዱን የሚልከው የብረት ሳህን የሚቀበለውን ማየት አለበት። በመሃል ኮረብታ ካለ ያልቅለታል፤ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ በበጋ ሠርቶ በክረምት ቅጠሉ ሲረጥብ ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ በእግር እንሄዳለን። ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እንለካለን። መገጣጠሚያውን ከታች ወደ ላይ በላስቲክ እንጠቀልላለን፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እየተደራረበ ውሃውን ወደ ውጭ እንዲያፈስስ። ከዚያ አንድ ሰው ሳህኑን በጣም በዝግታ ያዞራል፣ ሌላው የሞገዱን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ያነባል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። የፀጉር ያህል ነው ልዩነቱ። እንዲህ እያደረግኩ ብዙ ቀበሌ አገናኝቻለሁ። የማልረሳው ዋንዛ በርን ነው።

ዋንዛ በር ወሎ ውስጥ፣ ገደል ሥር ያለች መንደር ናት። ከወረዳው ከተማ መኪና እስከ አምባው ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል በእግር ነው። ስልክ የሚሠራው አምባው ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም ነፋሱ ሲፈቅድ። መንደሯ ኢንተርኔት የጠየቀችው ለጤና ኬላዋ ነው ተብሎ ነው የተመዘገበው። እውነትም የጤና ሠራተኛዋ ብርቱካን ነፍሰ ጡር ምጥ ሲጠናባት አምባው ድረስ ሮጣ ነበር አምቡላንስ የምትጠራው። ሕዝቡ ግን የፈለገበት ሌላ ምክንያት ነበረው። ከዋንዛ በር ዐረብ አገር ሴት ልጅ ያልላከ ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ምሰሶውን አምባው ላይ ተከልን። አንዱን ሳህን ወደ ከተማው፣ ሌላውን ቁልቁል ወደ ጤና ኬላው አዞርን። ዕቃውን ከመኪናው ድረስ በትከሻቸው ያወረዱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ሰዓዳ የምትባል በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። ባትሪውን ከሌላ ሴት ጋር በቃሬዛ ተሸክማ ስታወርድ አንድ ጊዜ እንኳ አላረፈችም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ ሳልፋት።

«አባቴ የዚህ አገር ሰው ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት።»

«እንግዲያው ዘመዴ ነሽ። ሩቅያን ታገኚልኛለሽ።»

ሩቅያ የበኩር ልጇ ናት። ዐረብ አገር ከሄደች ቆይታለች፤ ድምጿ ከጠፋ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰዓዳ በየገበያው ቀን አምባው ላይ ወጥታ ትደውላለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን የተቀዳውን የሴትዮ ቃል በቃሏ ይዛዋለች። ቤት ውስጥ የቀረቻት ከድጃ የምትባል ትንሿ ልጅ ብቻ ነበረች።

ኔትወርኩ የተከፈተው ረፋድ ላይ ነው። ጤና ኬላው ግቢ ሰርግ ቤት መሰለ። ሰው ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣው። አንዲት እናት ልጇን በምስል ስታያት ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ልጅቷ ከዚያኛው ጫፍ «እማዬ፣ ጨለመብኝ እኮ፤ ፊትሽን አሳዪኝ» ትላለች። ሁላችንም ሳቅን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየልኝም።

ሰዓዳ ተራዋን ጠብቃ ስልኳን ሰጠችኝ። ማንበብ አትችልም። የሩቅያን ቁጥር ሞከርኩ፤ አይሠራም። ስሟንና የመንደሯን ስም ጽፌ ፈለግኩ። የእኛ አገር ልጆች ሩቅያ በነበረችበት ከተማ የሚጻጻፉበት ገጽ ላይ ፎቶዋ ወጣ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ የእናቷን ግንባር የያዘች ልጅ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህችን እህታችንን የምታውቁ፣ ቤተሰቦቿን ፈልጉልን። አርፋለች። ቀብረናታል። አደራ።» የተጻፈው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

ሰዓዳ ፊቴን እያየች ነው። «አገኘሻት?»

«ቆይ እስቲ፣ እየፈለግኩ ነው» አልኳት። ስልኩን ወደ እኔ አዞርኩት። «ሰው በዝቷል። ቤትሽ ሂጂ፤ እኔ እመጣለሁ።»

አላንገራገረችም። አምናኝ ሄደች።

ከጤና ኬላው ጀርባ ዞሬ በዚያው በአዲሱ መስመር አዲስ አበባ ደወልኩ። ጋሽ ወርቅነህ ቤታቸው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ከቤት ብዙም አይወጡም። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚሁ ትቼው ልውጣ?»

«የለም፣ የለም። ያ የኬክ ቤቷ ሴትዮ ነገር ሌላ ነው። ያ ባለቤት ነበረው፣ ወንድሟ ያውቅ ነበር። ይሄን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? ግን እንዳትነግሪያት! መርዶ በአንቺ አፍ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። አገሩ ሽማግሌ አለው። እነሱን ፈልጊ።»

ሼህ ይማም የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። መስጊዱ ደጃፍ አገኘኋቸውና ስልኩን አሳየኋቸው። ፎቶውን አዩ፤ «ኢንና ሊላሂ» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሩቅያን ቁርአን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«በማለዳ እንነግራታለን» አሉኝ ሲረጋጉ። «እህቷ ከማዶ ትምጣ። ጎረቤት ምግብና ውሃ ያሰናዳ። ብቻዋን አትስማው። አንቺ ልጄ፣ ያን ነገር እስከዚያ ዝጊው። ሌላ ሰው እንዳያየው።»

ተመልሼ ኔትወርኩን አጠፋሁት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ጮኸ። አንድ አባት «አሁን እኔ ጋ ሲደርስ?» ብሎ ተቆጣኝ። ብርቱካን ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ያልገባን ነገር ግን ወሬው ቀድሞን መውጣቱ ነበር። ጠዋት በምስል ከተነጋገሩት ልጆች አንዷ እዚያው ሩቅያ የሞተችበት ከተማ ናት። በወሬ መሃል ለእናቷ «የሩቅያን መርዶ መቼም ሰምታችኋል» ብላታለች። ልጅቷ የሰማን መስሏት ነው፤ ክፋት የላትም። እናትየዋም ቤቷ እስክትደርስ ይዛው፣ ቤቷ ስትደርስ አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ እሷና እህቶቿ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ወደ ሰዓዳ ቤት ቁልቁል ወረዱ።

ሰዓዳ ማሳዋ ውስጥ ማሽላ ታርም ነበር። ለቅሶው ከላይ ሲመጣ ሰምታ ቀና አለች። የማን ቤት ለቅሶ እንደሆነ ለማየት በእጇ ፀሐዩን ከልላ ቆመች። ለቅሶው መንገዱን ለቆ ወደ እሷ ማሳ ገባ። ይህን የነገረችኝ ከድጃ ናት። እናቷ ሴቶቹን እያየች ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ከማሳው ሥር ካለው ገደል አፋፍ ልትደርስ ስትል ሮጣ እንደያዘቻት ነገረችኝ። ሼህ ይማምና እህቷ ሲደርሱ ሁሉ ነገር አልፎ ነበር።

ስንት ኬብል ተቆርጦብኛል፣ ስንት ምሰሶ ወድቆብኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሸፈብኝ የምለው ሥራ ግን ያ ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ሳህኑ ሳይነቃነቅ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሰዓዳ ድምጿ ጠፍቷል፤ ፊቷ ተቧጥጧል። ከፊቷ ስቀመጥ አተኩራ አየችኝ።

«አንቺ አይተሽ ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«ቤትሽ ሂጂ አልሽኝ።»

«ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው፣ እታለም።»

«ብቻዬን ሰማሁት» አለች። ተነስቼ ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። «የት ነው የቀበሯት? አፈሩን ማየት እፈልጋለሁ። ይሄ ነገራችሁ አፈሯን ያሳያል?»

«እሞክራለሁ» አልኳት።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ያንን ማስታወቂያ ለጻፈችው ልጅ ጻፍኩላት። የደሴ ልጅ ናት። ከሩቅያ ጋር የተዋወቁት በመስኮት ነው፤ ትይዩ ቤት ነበር የሚሠሩት። ሩቅያ ታማ ሐኪም ሳታይ እንደሞተች፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ሆነው ከከተማው ውጭ እንደቀበሯት ጻፈችልኝ። መቃብሩን በምስል ለማሳየት ፈቃደኛ ነበረች፤ ግን ከቤት የምትወጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ተቆረጠ። በዋንዛ በር በኩል ብርቱካን ለሰዓዳና ለሼህ ይማም ነገረች።

ቀኑ ሲቃረብ ብርቱካን አምባው ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ነፋስ ሳህኑን አላልቶታል፤ ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ለአንድ ጤና ኬላ መኪና ከአዲስ አበባ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። ስለ እሱ ሌላ ብዙ ክፉ ነገር ማውራት እችል ነበር፤ ይኼን ስላደረገ ትቼዋለሁ።

አምባው ላይ ስደርስ ወደ መንደሩ የሚያየው ሳህን ማሰሪያው ለሁለት ተሰንጥቆ ነፋሱ እንደ ፈለገ ያዞረዋል። መለዋወጫው ያለው ከተማ ነው፤ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይጨርሰዋል። የደሴዋ ልጅ ደግሞ መቃብሩ ጋ ቆማለች። በሽቦ አሰርኩት፤ ነፋሱ ፈታው። በመጨረሻ ምሰሶውን በአንድ ክርኔ ቆልፌ ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቁጥሩ እስኪስተካከል የፀጉር ያህል አዞርኩት። ተስተካከለ። ያዝኩት።

ከላይ ሆኜ ሳየው ጤና ኬላው የክብሪት ሣጥን ያክላል። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ነጭ ነጩ ብቻ ይታየኛል። ሰዓዳ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ድምፅ አይደርሰኝም። የማየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ነፋሱ ሲገፋኝ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ስገፋው ይመለሳል። ክንዴ ደነዘዘ። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን ረሳሁ። እዚያ ታች አንዲት እናት በባሕር ማዶ ያለ አፈር እያየች ምን እንደምትል፣ ሼህ ይማም ምን ዱዓ እንደሚያደርጉ፣ ከድጃ ምን እንደምታይ አልሰማሁም። እጄን ብለቅ ግን ሁሉም እንደሚቋረጥ አውቃለሁ። ሲያልቅ ብርቱካን ነጠላዋን ልታውለበልብልኝ ተነጋግረን ነበር። ስታውለበልብ አላየኋትም፤ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነበር። ሾፌሩ ነው ትከሻዬን ነክቶ «በቃ፣ እትዬ ዘይነብ፣ በቃ ልቀቂው» ያለኝ።

ስወርድ ሰዓዳ ግቢው በር ላይ ነበረች። እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው። ብረቱ ሰንጥቆታል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ድንጋይ አድርገውላታል» አለችኝ። «አንዲት ቀጭን ዛፍም አለች። ጥላ አላት።»

ጋሽ ወርቅነህ በሚቀጥለው ክረምት ዐረፉ። ለቅሷቸው ዶሮ ማነቂያ በዕድሩ ድንኳን የተቀመጥንበት የመጨረሻው ለቅሶ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ፈርሶ ዕድርተኛው ስለተበተነ፣ ሰው ሲሞትብን በስልክ ነው የምንጠራራው፤ የሚመጣው ይመጣል፣ ትራንስፖርት ያጣው ይቀራል።

ከሰዓዳ ጋር አልተለያየንም። መስመሩ ሲጠገን ቤተኛ ሆንን፤ በበዓሉ ሁሉ ትደውልልኛለች። አንድ ቀን ያለ በዓል ደወለች። ከድጃ ሄዳለች። ደላላው መንደር ድረስ አልመጣም፤ ጤና ኬላው ግቢ ተቀምጣ በዚያው ኔትወርክ ነው የተዋዋለችው። ከእህቷ ከተማ ራቅ ወዳለ ሌላ አገር። «መቃብሩን ያየች ልጅ ናት» አለችኝ ሰዓዳ። «እኔ እንደዚያ አልሆንም አለችኝ። ሁሉም እንደዚያ ይላል።» እኔ የተከልኩት ሳህን አንዷን ልጇን አሳይቷታል፣ አንዷን ወስዶባታል። ባልተክለው ከድጃ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር እላለሁ። እላለሁ እንጂ አላውቅም።

ከጡረታዬ በኋላ፣ አሁን በቅርቡ ነው፣ እዚሁ ኬክ ቤት ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ናት።

«ከድጃ አላነሳ አለችኝ። ስንት ቀኗ! አንቺ ሞክሪልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እኔ ከሌላው ሰው የተለየ የማውቀው ነገር የለም፤ ጡረተኛ ነኝ። ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። በማግስቱም እንዲሁ። ጠዋት ሞከርኩ፣ ቀትር ላይ ሞከርኩ። የእህቴ ልጆች ፊቴን እንዳያዩብኝ እየወጣሁ መንገድ ላይ እደውላለሁ። ሰዓዳ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ «አልተነሳም» እላታለሁ። አንዱንም አልደበቅኳትም።

አንድ ከሰዓት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ታክሲ ጠባቂው መሃል ቆሜ ስደውል ተነሳ። የሚተነፍስ ሰው አለ፤ አይናገርም።

«ከድጃ፣ እኔ ዘይነብ ነኝ። የኔትወርኳ።»

«እትዬ!» አለች በሹክሹክታ። አሠሪዋ የእናቷን ቁጥር ዘግታባታለች። የእኔን ቁጥር ስላላወቀችው አልዘጋችውም። ስልኩን ከሩዝ ጆንያ ውስጥ ደብቃ ነው የምትይዘው። «ለእማዬ ደህና ናት በያት። ሥራ ነው፣ ሌላ አይደለም በያት። ደመወዜን...» አለችና የሚጠራት ሰው ድምፅ ሰማሁ። ተዘጋ።

ወዲያው ሰዓዳ ዘንድ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«አገኘኋት። ደህና ነኝ ብላለች። አሠሪዋ ቁጥርሽን ዘግታባት ነው። ስልኩን ደብቃ ነው የያዘችው።» ያለውን እንዳለ ነገርኳት።

«በጆሮሽ ሰማሻት?»

«በጆሮዬ።»

ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ሌላ መጣ። ሰዓዳ አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ድምጿ ከስቷል?» አለችኝ።

ያቺን የሹክሹክታ ድምፅ መልሼ ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያንቺን ድምፅ ነው የሚመስለው» አልኳት።